አርባ ሰባት ካርቶን ቅብጥርሴ

ታላላቅ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ታሪክ ይሠራሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ አንደኞቹ ታሪክ ሲሠሩ የወለቀውን ቁልፋቸውን ከመሬት ያነሳሉ። ስለ አንደኞቹ ብዙ ተጽፏል፤ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ እርግብም ሰፍሮባቸዋል። ስለ ሁለተኞቹ ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ ያለ የለም። ይህ ጽሑፍ ያንን ከባድ በደል ለማረም የተነሳ ነው።

መዝገቤ የሁለተኞቹ ወገን ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ስሙም ፋይል ገብቶ ቀረ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ፋይል አልጠፋበትም። አንድም ባለጉዳይ ፋይሉን አለማግኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው። «ያልወጣ ዕቃ አይጠፋም» የሚል የሥራ መመሪያ ነበረው፤ በዚሁ መመሪያም ተሸልሞ ጡረታ ወጣ።

የልብ ፍቅሩ ግን ለፋይል ሳይሆን ለጋሽ ቅብጥርሴ ነበር። ጋሽ ቅብጥርሴ ማለት ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እየቀረበ ሰዉን ጥርስ የማያስከድን ኮሜዲያን ነው። ቀልዱ አንዲት ብቻ ናት፤ የምንም ነገር ስም ትዝ አይለውም። ሚስቱን «ያንን ቅብጥርሴ አቀብይኝ» ይላታል፤ እሷ መዶሻ ትሰጠዋለች፤ እሱ የፈለገው ማንኪያ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ቅብጥርሴዬን ያመኛል» ይላል፤ ሐኪሙም ቅብጥርሴ የሚባለው የሰውነት ክፍል የት እንዳለ ከመጽሐፍ ሲፈልግ ይመሻል። አንድ ቅዳሜ ግን በእሱ ሰዓት ስለ አፈር ጥበቃ ፊልም ታየ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ሕዝቡም ጋሽ ቅብጥርሴ ሞቷል ብሎ ደመደመ፤ በቴሌቪዥን መታየት ያቆመ ሰው ከመሞት ሌላ ምን ሥራ ይኖረዋል?

መዝገቤ ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለ የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተቀበለ ቀን፣ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ሲገባ ጋሽ ቅብጥርሴ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር አልጋ ሥር ገብቶ ይፈልግ ነበር። መዝገቤ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ ስቆ አያውቅም፤ ውለታውንም አልረሳም። ይህ ፍቅሩ የእውነት ነበር፤ እዚህ ላይ እኔም አልቀልድበትም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቴሌቪዥን ጣቢያው ወደ አዲስ ሕንጻ ሊዛወር ሆነና የድሮው ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲጸዳ ታዘዘ። የማይፈለገውን ዕቃ የፈለገ እንዲወስድ የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። መዝገቤ ማስታወቂያውን አንብቦ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። እዚያም ሰማያዊ ጋውን የለበሱ አንድ አጭር ሽማግሌ ካርቶን ሲደረድሩ አገኘ። በየካርቶኑ ላይ በክር የታሰረች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ በየወረቀቷም ላይ በትልልቅ የእጅ ጽሑፍ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ ቅብጥርሴ።

መዝገቤ ካርቶኖቹን ቆጠረ፤ አርባ ሰባት ናቸው።

«አባባ፣ እነዚህ ሁሉ…?»

«ሁሉም ቅብጥርሴ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«አርባ ሰባቱም?»

«ከዚያኛው ጥግ በስተቀር። የዚያኛው ጥግ ዕቃ ስም አለው። ውሰደው ልጄ፤ ካልወሰድከው የቆሻሻ መኪና እየመጣ ነው።»

«የቆሻሻ መኪና! የጋሽ ቅብጥርሴን ንብረት!» አለ መዝገቤ። «እርስዎ እዚሁ ጣቢያ እየሠሩ እሱን አያውቁትም? አባባ፣ እንደሱ ያለ ሰው እኮ ከእንግዲህ አይፈጠርም! ሲሞት እንኳ በወጉ ያለቀሰለት የለም!»

ሽማግሌው ብዙ አዩት። ከዚያ በድንገት ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ክፍት በነበረው ካርቶን ላይ ጎንበስ አሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መዝገቤ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገና፣ «አይዞዎት አባባ፤ ሞቱ ያልጎዳው ሰው የለም» አላቸው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ባሰባቸው። መዝገቤም የሰው እንባ የቅርስ ዕቃ ያበላሻል ብሎ ካርቶኑን ከሥራቸው ሳብ አድርጎ ዘጋው፤ በፕላስተርም አሸገው።

መዝገቤ ካርቶኖቹን ያስጫነበት መኪና ሲንቀሳቀስ ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ተከተሉት። ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ የሚሉት በደንብ አይሰማም፤ ወደ መዝገቤ ጆሮ የደረሰው ጫፉ ብቻ ነው፦ «…ጥርሴ! …ጥርሴ!» መዝገቤ ከመኪናው ላይ እያለቀሰ እጁን አውለበለበላቸው። ምን ያለ ፍቅር ነው፣ አለ ለራሱ።

ከዚያ በኋላ የጥናት ዘመን ሆነ። ከካርቶኖቹ ውስጥ አሥራ አንድ የግራ እግር ጫማዎች ወጡ፤ ቁጥራቸው ከሠላሳ ሰባት እስከ አርባ አራት ይደርሳል። መዝገቤ ሦስት ወር አጥንቶ «የጋሽ ቅብጥርሴ ግራ እግር፦ ያልተዳሰሰ ምዕራፍ» የሚል የሃያ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀ። በጽሑፉም የታላቁ ሰው ግራ እግር በየወቅቱ እንደሚያብጥና እንደሚጎድል አረጋገጠ። አንዲት የቆመች የግድግዳ ሰዓት ተገኘች፤ ከእሷም የሞተበትን ሰዓትና ደቂቃ አወቀ። የሴት ዊግ ተገኘ። ስለ ዊጉ አንድ ሳምንት ሙሉ አሰበና፣ የታላላቅ ሰዎች ገመና መከበር አለበት ብሎ ሳይጽፍበት አለፈ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በአርባ ሰባተኛው ካርቶን ውስጥ፣ ከተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ተጋድሞ የተገኘው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ከነላይኛው ከነታችኛው። ስንቱን ጥርስ ያላስከደነ ሰው ጥርስ! መዝገቤ ቀይ ከፋይ አንጥፎ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ሣጥኑን ሳሎን መሀል፣ ሶፋው በነበረበት ቦታ አቆመው። ያን የተቦጫጨቀ የወረቀት ምልክት ሁሉ ግን ለዚህ ክብር የማይመጥን ሆኖ አገኘውና ከየካርቶኑ በጥሶ ጣለ፤ በምትኩ ያንኑ ቃል የያዘ የወርቅ ቅብ ሰሌዳ በማሽን አስቀረጸ። የመዝገብ ሰው ነውና የእጅ ጽሑፍ አይወድም።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ቻለችው። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ባዳ ጥርስ ሳሎኔ ውስጥ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም፣ ትል ነበር ለጎረቤቶቿ። ዘንድሮ ግን እናቷ ደረጃ ላይ ወድቀው ወገባቸውን ተጎዱ፤ ብቻቸውን መኖርም አልቻሉም። ባለቤቱ አሥራ አንዱ ጫማ የተደረደረበት ክፍል በር ላይ ቆመች።

«እናቴ ቅዳሜ ትመጣለች» አለችው። «ይሄ ክፍል ይለቀቅ።»

«ግራ እግሩን የት ላድርገው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። አንተ ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ዝም አልኩ። ሳሎኔን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። አሁን ግን ከእናቴና ከአሥራ አንድ የግራ ጫማ ምረጥ።»

«ነገሩን በስሜት አትዪው። የቅርስ ምዝገባ ኮሚቴው በቅርስነት ከመዘገበው እኮ የከተማውን አዳራሽ ይሰጡናል። ዕቃው በሙሉ ከቤት ይወጣል።»

«ካልመዘገበውስ?»

መዝገቤ ከጫማዎቹ የአንዱን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

«ካልመዘገበው ቅዳሜ ከሰዓት መኪና ይመጣል፤ ነግሬዋለሁ» አለች ባለቤቱ። «የቆሻሻ መኪና።»

መዝገቤ በማግስቱ ጧት የቅርስ ምዝገባ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ሄደ። ሁለት ሰብሳቢዎች ተገናኙ ማለት ነው፤ አንዱ ዕቃ ይሰበስባል፣ ሌላው ስብሰባ። እንዳይምታቱብን ሁለተኛውን ሊቀመንበሩ እንበላቸው። ሊቀመንበሩ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበቡና እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፦ ቅርሱ ቅርስ መሆኑ በዓይን ምስክር ተረጋግጦ የቅርስነት ማረጋገጫ እስኪሰጠው ድረስ፣ ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ሆኖ ባለበት ይቆይ።

«የዓይን ምስክር አለኝ!» አለ መዝገቤ። «የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ! ዕቃውን በእጃቸው ያስረከቡኝ እሳቸው ናቸው። ሞቱን ሲሰሙ ያለቀሱትን ለቅሶ ቢያዩ!»

ለጡረተኛው ሽማግሌ በጣቢያው በኩል የጥሪ ደብዳቤ ተላከላቸው።

ቅዳሜ ጧት ሊቀመንበሩ ሁለት አባላት አስከትለው መጡ። አባላቱ ሥራቸው ጭንቅላት መነቅነቅ ሲሆን በሥራቸው የታወቁ ናቸው። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ያለ ትናንት ዛሬ የለም፤ ያለ ዛሬም ነገ የለም፤ ስለዚህም ስለ ትናንት ዛሬ ካልሠራን ነገ ስለ ዛሬ የሚሠራልን የለም» ሲሉ ንግግር አደረጉ። አባላቱ ነቀነቁ። መዝገቤ እንባውን ጠረገ። ባለቤቱ ኩሽና ውስጥ ሻይ እየቀዳች ሰዓቷን አየች።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ገቡ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ከንፈራቸው ታጥፎ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። መዝገቤ እጃቸውን ይዞ ዕቃውን ያስጎበኛቸው ጀመር።

«ይህ እንግዲህ ግራ እግሩ ነው።»

«የድራማ ክፍሉ ጫማ ነው» አሉ ሽማግሌው በሚያፏጭ ድምፅ። «ቀኝ ቀኙን አይጥ በላው።»

መዝገቤ ሳቅ ብሎ ወደ ሊቀመንበሩ አየ። «ዕድሜ ነው» አላቸው በሹክሹክታ። «ይህች ደግሞ ያረፈበትን ሰዓት የመዘገበች ሰዓት ናት።»

«የጥበቃዎቹ ናት። ስጦታ ብለው ያመጡላቸው ቀን ነው የቆመችው።»

«ዊጉስ?»

«የዜና አንባቢው። ሌላው እንዳይሰማ፤ ሰውየው አሁንም በሕይወት አለ።»

አባላቱ መነቅነቃቸውን አቆሙ። ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን ከደኑ።

«ምስክሩ ቅርሱን እየተቃወሙ ነው?»

«አይ፣ እኔ ምንም አልተቃወምኩም ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው። «ማን የሱ ነው እንዳለ ነው ያልገባኝ።»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አለ መዝገቤ ላብ እያጠመቀው። «በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ በእጅዎ ጽፈው! ቅብጥርሴ፣ ቅብጥርሴ፣ ቅብጥርሴ!»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ልጄ» አሉት፤ «ቅብጥርሴ ብዬ እምጽፈው ስሙ ለጠፋኝ፣ ጥቅሙም ላልገባኝ፣ ልጥለው ግን አንጀቴ አልችል ላለ ዕቃ ነው። ምንትሴ ቅብጥርሴ ይባል የለም? እሱን ነው።»

ባለቤቱ የሻዩን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መዝገቤ ከግራ ጫማዎቹ አንዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ዘጠኝ ዓመት፣ ሃያ ሁለት ገጽ፣ አርባ ሰባት ሰሌዳ። ልቡ ተሰበረ፤ ሌላ የሚባልበት ቃል የለም።

«አንድም?» አለ። «አንድም የሱ የለም?»

የሽማግሌው ዓይን በበሩ በኩል ሳሎኑ መሀል ወዳለው የመስታወት ሣጥን ሄደና ፈጠጠ።

«አንድ አለ» አሉ።

«የትኛው?»

ሽማግሌው ወደ ሳሎኑ አለፉ። ሣጥኑን ከፈቱ፣ ጥርሱን ከከፋዩ ላይ አነሱ፣ በመሐረባቸው ጠረጉትና ላዩንም ታቹንም አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የሰረጎደው ጉንጫቸው ሞላ፤ አገጫቸው ቦታውን ያዘ፤ ከንፈራቸው ከሄደበት ተመለሰ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ኪሳቸውን እየዳበሱ ዙሪያውን አዩና፣ «ያንን… የዓይኔን… ያንን ቅብጥርሴ ያየ ሰው አለ?» አሉ።

መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀችው ባለቤቱ ናት። ትሪው እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «ጋሽ ቅብጥርሴ!» ብላ ጮኸች። «ጋሽ ቅብጥርሴ እኮ ናቸው!»

«ነኝ መሰለኝ» አሉ ሽማግሌው። «የጣቢያውን ሥራ አስኪያጅ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ስማቸው ጠፋኝና አቶ ቅብጥርሴ አልኳቸው። በማግሥቱ ለግምጃ ቤት ሥራ ብቁ ሆነው ተገኝተዋል የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ።»

መዝገቤ ወደ ሽማግሌው ቀረበ። «ታዲያ ያን ቀን… ለምን አልነገሩኝም?»

«ሞቷል አልከኝ። ደግሞ እንዴት አድርገህ አወደስከኝ! በቁሜ እንዲያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ላቋርጥህ አልፈለግሁም። ሳቄን አምቄ እይዛለሁ ስል ጥርሴ ካርቶኑ ውስጥ ዱብ አለ። አንተ ደግሞ አሸግከው። ጥርሴ፣ ጥርሴ እያልኩ እስከ አደባባዩ ተከተልኩህ፤ አንተ እጅህን ታውለበልብልኛለህ! ይኸው ዘጠኝ ዓመት ዳቦ በሻይ እየነከርኩ።»

ሊቀመንበሩ በዚህ ሁሉ መሀል የደንቡን መጽሐፍ ሲያገላብጡ ቆይተው ቀና አሉ። «ባለቅርሱ በሕይወት አሉ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እስካሁን አለሁ» አሉ ጋሽ ቅብጥርሴ።

«እንግዲያው ማመልከቻው ያለጊዜው የቀረበ ነው። ደንቡ የሚለው የሟች ንብረት ነው። በተጨማሪም ለምዝገባ የቀረበ ዕቃ ኮሚቴው እያየ አፍ ውስጥ ገብቷል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ በድጋሚ ማመልከት ይቻላል።» ከዚያ ወደ ጋሽ ቅብጥርሴ ዞር ብለው በትሕትና፣ «እርስዎም በበኩልዎ ቢተባበሩን» አሉ። አባላቱ ነቀነቁ። ሦስቱም ሻዩን ሳይቀምሱ ወጡ።

መዝገቤ ባዶውን ከፋይ እያየ ቆሞ ቀረ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ሲለው ፊቱ ሲበራ ታየ። ጽሑፉ! አርባ ሰባቱም የእጅ ጽሑፍ የጋሽ ቅብጥርሴ የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ነበር። በቤቱ የገባው ዕቃ ሁሉ የማንም ሲሆን፣ በክር የታሰሩት ቁራጭ ወረቀቶች ብቻ እውነተኛ ነበሩ።

«ወረቀቶቹ!» ብሎ ባለቤቱ ላይ ጮኸ። «እነዚያ ወረቀቶች የት አሉ?»

«የትኞቹ?»

«ቅብጥርሴ የሚሉት! በክር የታሰሩት!»

«የበጠስከው አንተ፣ የጣልከው አንተ። አሁን ከየት ላምጣልህ?» ጥቂት አሰበች። «አንዷ ግን የኩሽናው ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ እግሩ ሥር አለች።»

መዝገቤ ኩሽና ገብቶ ተንበረከከና ወረቀቷን ጎትቶ አወጣት። ጠረጴዛው ተንጋደደ፤ የስኳሩ ዕቃ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፤ እሱ ዞር ብሎም አላየ። ክሯ አልተበጠሰችም። ጽሑፏ ደብዝዞ ይታያል። ሁለት እጁን ዘርግቶ ለጋሽ ቅብጥርሴ አቀረባት።

«ጋሼ፣ እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህችን ብቻ።»

ጋሽ ቅብጥርሴ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ወረቀቷን አነበቡ። ከዚያ ሰውየውን አዩት፤ አቧራ የነካ ጉልበቱን፣ የተዘረጉ እጆቹን፣ ሊያለቅስ የቀረበ ዓይኑን። ብዙ ዓመት ምድር ቤት ውስጥ ዕቃ እንደዚህ ሲያዩ ኖረዋል።

«የተጻፈው ይበቃል ልጄ» አሉት። ክሯንም በኮቱ የላይኛው ቁልፍ ላይ ሁለት ጊዜ አዙረው አሰሩለት፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ቀጥ ማለቷን አረጋገጡ። ኩሽና ገብተውም ከአንድ የደረቀ ብስኩት ጋር ትግል ገጠሙ፤ ቀጭ ቀጭ ሲል እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የባለቤቱ እናት በታክሲ መጡ። የቆሻሻ መኪናውም መጣ። ሠራተኞቹ አርባ ሰባቱን ካርቶን፣ አሥራ አንዱን ጫማ፣ ሰዓቷንና ዊጉን እየተቀባበሉ ጫኑ። መዝገቤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያል፤ ማልቀስም መሳቅም አልቻለም። ሾፌሩ የጫነውን ቆጥሮ ሊወጣ ሲል ከኮቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት አየና ወደ ባለቤቱ ዞረ።

«ይሄኛውስ እትዬ? እሱም ተጽፎበታል።»

ባለቤቱ ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«እሱ ይቅር» አለች። «ልጥለው አንጀቴ አልችል አለ።»